የስንብት ተራ

አሰን የባሉን የቀብር ሰዓት ያነበበው ከገዛ ቤቱ በር ላይ ነው። በቡልጋሪያዋ ሩሴ ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት የሐዘን ወረቀት በየበሩ ይለጠፋል። ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ባሉ ሊዩበን ከወረቀቱ ላይ ፈገግ ብሎ ጠበቀው። ከፎቶው በታች ሐዘንተኞቹ ተጽፈዋል፤ እህቱ ጊንካ፣ የእህቱ ልጅ፣ አብረውት አውቶቡስ የሚነዱ ባልደረቦቹ፣ ሌላው ቀርቶ «የሕንፃው ሁለተኛ መግቢያ ጎረቤቶች» እንኳ። አሰን የለም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሮት የበላ፣ አብሮት የተኛ፣ ሲያስለው ጀርባውን ያሸ ሰው የለም! ይሄ ነውር ካልሆነ ነውር ምንድን ነው?

መጋባቱንስ ተጋብተዋል። ብርቱካን ለቀማ ስፔን በሄዱ ጊዜ፣ ቫሌንሲያ ላይ፣ በሕግ ፊት፣ ቀለበት አድርገው። ያ ጋብቻ ግን ቡልጋሪያ ሲደርስ ጋብቻ አይደለም። አውሮፕላን ሲሳፈሩ ባልና ባል ነበሩ፤ ሲወርዱ ሁለት ጎልማሳ ደባሎች ሆኑ። ማዘጋጃ ቤቱ «ሕጋችን አያውቀውም» አለ፤ ፍርድ ቤቱም ያንኑ ደገመው። ከትናንት በስቲያ የሊዩበን ልብ ቀጥ ሲል ሆስፒታሉ አሰንን «ምኑ ነህ?» ብሎ ጠየቀውና ሬሳውን ለእህቱ ሰጠ።

አሰን ዳቦውን እንደያዘ ጊንካ ቤት ሄደ።

«እትዬ ጊንካ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ከሣጥኑ አጠገብ ልቁም፣ እንደ ባል ቀድሜ ልሰናበተው። በቃ።»

«አጠገቡ የሚቆመው ዘመድ ነው።»

«እኔስ?»

«አንተማ ምኑ እንደሆንክ መናገሩም ያሳፍረኛል። ስማ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ና። እንደ ጎረቤት ና፣ ከበሩ ጋ ቁም፣ ተራህ ሲደርስ ግንባሩን ስመህ እለፍ። አንዲት ቃል ከተነፈስክ ግን ልጄ አንጠልጥሎ ያወጣሃል! ሾፌሮቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። ወንድሜ ሬሳው ላይ እንዲሳቅበት አልፈቅድም።»

«ሊዩበን ቢሰማሽ ምን ይል ነበር?»

«አይሰማኝም። ሞቷል።»

እሺ አለ። ምን ይበል? ካልሄደ ጭራሽ አያየውም።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ፍትሐቱ ሲያልቅ ቄሱ ምልክት ሰጡና ሰው ሁሉ ክፍቱን ሣጥን እየዞረ ሬሳውን በተራ ይስም ጀመር። ዘመድ መጀመሪያ፣ ከዚያ ባልደረባ፣ ከዚያ ጎረቤት። አሰን ከበሩ ጋ ቆሞ ያያል። በዚህ ከተማ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ፣ ሊዩበንን ሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ ስሞ አያውቅም። አሁን ከተማው በሙሉ ይስመዋል! በሕይወት እያለ ሰላም የማይለው የአውቶቡስ ጋራዡ አለቃ ሳይቀር ሳመው። አሰን ቀናባቸው። ከንፈሩን እስመዋለሁ፣ ባሌ ነው እላለሁ፣ ከፈለጉ ይጎትቱኝ ብሎ ለራሱ ማለ።

ተራው ደረሰ። ሊዩበንን ከረባት አስረውታል፤ ከረባት አንቆ ሊገድለኝ ነው እያለ የሚያማርረውን ሰው። የጊንካ ልጅ ከሣጥኑ ራስጌ ሆኖ ዓይኑን አፈጠጠ። አሰን ጎንበስ አለ። ግንባሩን ሳመ፤ በረዶ ነው። «ነፍስ ይማር» አለና አለፈ። ያን ሁሉ ዓመት የለመደው ፍርሃት ከእሱ ቀድሞ ነበር ጎንበስ ያለው።

መቃብሩ አፈር ከለበሰ በኋላ ጊንካ ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ በኩባያ እያደለች እሱ ጋ ደረሰች። ኩባያውን አስያዘችውና እጁን ጨበጥ አደረገችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች በሹክሹክታ። «አላዋረድከኝም። ማንም አላወቀም።»

በዕድሜው ስንት ስድብ ጠጥቷል፤ እንደዚህ ምስጋና ያቆሰለው ግን የለም። ኩባያው ከእጁ ወደቀ።

«ባሌ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሰምታችኋል? የቀበራችሁት ባሌን ነው!»

ጊንካ ፊቷን ሸፈነች። ልጇ እየተንደረደረ ሲመጣ ጌንቾ የሚባለው ወፍራሙ ሾፌር በክንዱ አገደው።

«ተወው አንተ» አለው። ወደ አሰን ዞሮም፣ «ምን ያስጮህሃል ወንድሜ? እናውቃለን እኮ። ጋራዡ በሙሉ ያውቃል። ምሳ ዕቃውን ሲከፍት 'ብሉ፣ የአሰን እጅ ነው' እያለ አይደል እንዴ ሲያበላን የኖረው!»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። ዝም ስትሉ ጊዜ እኛም ዝም አልን።»

አሰን አንድ በአንድ አያቸው። ቅድም ከፊቱ ተሰልፈው ሊዩበንን የሳሙት እነዚሁ ናቸው።

«ታዲያ እያወቃችሁ ለምን ቀደማችሁኝ?» አለ። «ለምን ከበሩ ጋ ተዋችሁኝ?»

ጌንቾ ባርኔጣውን አድርጎ ከሌሎቹ ጋር ሄደ።