የሰም ፋብሪካው ቴአትር

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ለቅሶ ቤት ነው እንጂ ቀበሌ አይደለም!»

አቶ ምትኩ ይህን ሲሉ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ዞሮ አየ። መስከረም ግን ከጥሩሐረግ አጠገብ እንደተንበረከከች ቀረች። ሟቹ ደግሰው ቴአትር ያለማምዳቸው ከነበሩት የሰቆጣ ወጣቶች አንዷ ናት።

«እትዬ ጥሩሐረግ፣» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀበሌው አሮጌውን ፋብሪካ ለቴአትር ቤት ሲሰጠን፣ እስከ እሑድ ሥራ ካልጀመርን ለእህል መጋዘን እንዲሆን ተፈራርመናል። ጋሽ ደግሰውም የመጀመሪያውን ቴአትር ለእሑድ ቀጥሮት ነበር። እርስዎ ተዉት ካሉን ግን እንተወዋለን።»

«አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!» አሉ አቶ ምትኩ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከአበርገሌ ግማሹን መንገድ በእግራቸው መጥተው ነው ለቀብሩ የደረሱት።

ጥሩሐረግ ለባሏ አልቅሳ አልወጣላትም ነበር።

ደግሰውን ያወቀችው እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ያኔ የዋግ ማር ይጣራበታል፤ እሷ ሰም ታቀልጣለች፣ እሱ ሞተር ይጠግናል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሠራተኛው በርሜል ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ደግሰው ይነሳል። አንዴ ፍየሉ የጠፋችበት ነጋዴ፣ አንዴ ያኮረፈች ሙሽራ ይሆናል። እሷ ሥራዋን ረስታ ስታየው ሰሙ እጇ ላይ ይረጋል።

«ሙሽራዋ አንቺ ብትሆኚ አታኮርፊም ነበር፣» አላት አንድ ቀን፣ መብራቱ ሲመጣ።

በዓመቱ ተጋቡ።

ኋላ ፋብሪካው ተዘጋ። ማሽኑ ተነቅሎ ሄደ፤ ጣሪያው ሥር እርግብ ሰፈረበት። ደግሰው ግን ቤቱን አልረሳውም። «ወጣቱ የት ይዋል? መንገድ ዳር ቆሞ ሊያረጅ ነው?» እያለ ስንቱን ደጅ ጠንቶ ቁልፉን ተቀበለ። ከልጆቹ ጋር አቧራውን ጠረገ፣ ግድግዳውን ለሰነ፣ መድረክ ሠራ። ማታ ማታ ጸጉሩ ኖራ መስሎ ሲመጣ፣

«ነይና እይው፣» ይላታል።

«ሲያልቅ አየዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ደጁን ለመርገጥ ፈርታ ነው። ወጣትነቷ እዚያ የቀረ ይመስላት ነበር፤ ባዶውን ቤት ማየት አልፈለገችም። ማክሰኞ ጠዋት ደግሰው የመድረኩን የመጨረሻ ሳንቃ መታና ሊያርፍ ቁጭ አለ። በዚያው ልቡ ቆመች።

በዚህ የሰልስት ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠችው ሐሊሜ ነበረች፤ ፋብሪካው እስኪዘጋ አብራት ሰም ያቀለጠች ወዳጇ።

«ውስጡን አይተሽዋል?» አለቻት ጥሩሐረግ በሹክሹክታ።

«አየሁት እንጂ። ሁለት ጊዜ ቀብተውት እንኳ የሰሙ ሽታ አልለቀቀም። ገና ከበሩ ስገባ፣ አንቺዬ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሆንኩ!»

ጥሩሐረግ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ አቶ ምትኩ ዞረች።

«ወንድም ጋሼ፣ እሑድ ልጆቹ ይጫወቱ።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«ያለውን ይበል። ሲያልቅ አየዋለሁ ብዬው ነበር። ይኸው፣ አልቋል።»

አቶ ምትኩ አቀረቀሩ።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጥሩሐረግን ከነጥቁር ልብሷ ፊት ለፊት አስቀመጧት። አቶ ምትኩ በሩ አጠገብ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

መጋረጃው ተከፈተ። ቤት ተሳስተው የገቡ ሽማግሎች ልጅ ሊጠይቁ ተሰልፈዋል።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን፣» አለ አንደኛው።

«እኔ ሴት ልጅ የለኝም። ያለችኝ አንዲት በቅሎ ናት፣» አለ የቤቱ ባለቤት።

«እሷስ ብትሆን፣ ሥራ ትችላለች?»

ማንም አልሳቀም። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ የጥሩሐረግን ማጅራት ያያል። ባሏን የቀበረች ሴት ፊት ማን ጥርሱን ያሳያል? የባለቤቱ ሚስት ሆና የቆመችው መስከረም የሚቀጥለው ቃሏ ጠፋባት።

ጥሩሐረግ መድረኩን አየች፤ አዲሱን ሳንቃ፣ አናቱ ገና የሚያብለጨልጨውን ምስማር። ከዚያ ሳቀች። መጀመሪያ ሳል መሰለ፤ ኋላ ግን ከሆዷ ወጣ፤ እንባዋም አብሮት ወረደ። ከበሩ በኩል የአቶ ምትኩ ጎርናና ሳቅ ተከተላት፤ ከዚያም አዳራሹ በሞላ።

ሳቁ ጋብ ሲል ልጆቹ አሁንም እሷን እያዩ ቆመው ነበር። ጥሩሐረግ እንባዋን ሳትጠርግ እጇን አንስታ፣ ቀጥሉ አለቻቸው።