ድምፅ የሌለው ንባብ

ሥርጉት ቢቸና በሚገኝ አንድ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ልታስተምር ከሞጣ ስትመጣ የተሰጣት ውል የአንድ ሴሚስተር ብቻ ነበር። ውሉ የሚታደሰው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ቢሆነኝ ስታስተምር አይተው ከወደዱላት ነው። ካልወደዱ ሞጣ ተመልሳ የእናቷን ሱቅ መጠበቅ ነው፤ ታላቅ ወንድሟም «ብያችሁ ነበር» ለማለት ከተዘጋጀ ሰንብቷል።

ተማሪዎቿ ጀማሪ አይደሉም። ቃሉንም ሰዋስዉንም በመጠኑ ያውቃሉ። አንድ ገጽ ጽሑፍ ስትሰጣቸው ግን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ ጮኸው ይወጡታል፤ «ምን ይላል?» ስትላቸው ደግሞ እንደገና ከላይ ይጀምራሉ። የክፍሉ አለቃ ይታገስ ደብረ ወርቅ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ዳዊት የደገመ ጎልማሳ ነው፤ እንግሊዝኛውንም እንደ ዳዊቱ ያወርደዋል።

ሥርጉት ከንፈር ሳያንቀሳቅሱ፣ ያላወቁትን ቃል እየዘለሉ፣ ሐሳቡን ይዘው እንዲወጡ ማለማመድ ጀመረች። በመጀመሪያው ሰሞን አፋቸውን በመዳፋቸው አፍነው የሚያነቡ ነበሩ። ኋላ ለመዱት።

አንድ ቀን ሁሉም አቀርቅረው ሲያነቡ አቶ ቢሆነኝ በሩ ላይ ቆሙ።

«መምህር የለም ብዬ ነው የመጣሁ» አሉ።

«አለሁ። እያነበቡ ነው።»

«ድምፃቸው የታለ?»

«በልባቸው ነው የሚያነቡት።»

«በልባቸውማ ቤታቸውም ያነባሉ፤ እዚህ ድረስ ምን አመጣቸው?» አሉና ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ቀጠሉ። «ሐሙስ ገብቼ እገመግምሻለሁ። የውልሽ ነገር በዚያው ይወሰናል።»

ፊት የተቀመጡት ተማሪዎች ሰሙ። ለቀሩት ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ሐሙስ ዕለት ሥርጉት በአንድ ቦይ ውሃ ስለሚጠቀሙ ገበሬዎች የሚያወራ ጽሑፍ አደለች። ከኋላ ለተቀመጡት ለአቶ ቢሆነኝም አንድ ቅጂ ሰጠቻቸው።

«ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡና ዋናውን ሐሳብ ንገሩኝ» አለች።

ይታገስ ብድግ አለ። ጉሮሮውን ጠረገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለቀቀው። ክፍሉ በሙሉ ተቀበለው። ተመካክረው ነበር የመጡት። ድምፃቸው ከቆርቆሮው ጣሪያ ጋር እየተላጋ ሲመለስ አቶ ቢሆነኝ በእሺታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፉ ጀመር።

ሥርጉት ገባት። አሁን ዝም ብትል ውሏ ይታደሳል። ልጆቹም ይህን የሚያደርጉት ለእሷ አዝነው ነው። ሁለተኛው አንቀጽ እስኪያልቅ ዝም አለች። ከዚያ በላይ ግን አልቻለችም።

«ይበቃል ይታገስ፤ ተቀመጥ።»

ይታገስ በዓይኑ ወደ ኋላው ወንበር ጠቆማት።

«አይቻለሁ፤ ተቀመጥ። እስካሁን ያነበባችሁት ምን ይላል?»

«ውሃ» አለ አንዱ፣ እንደ መገመት ብሎ።

«እንግዲያው እንደለመድነው፤ ከመጀመሪያው።»

ሁሉም አቀረቀሩ። የአቶ ቢሆነኝም ብዕር ቆመ። ጥቂት ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና፣ ሌላ የሚሠሩት ሲያጡ መነጽራቸውን አድርገው ቅጂውን አነሡ።

መጀመሪያ እጇን ያወጣች ከየጁቤ የመጣችው አምሳለች ናት። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያለች፣ «ጽሑፉ ስለ ተራ ነው» አለች።

«ስለ ውሃ ነው እንጂ!» አሉ አቶ ቢሆነኝ ሳያስቡት። በዚያው ወደ አማርኛ ገቡ። «ርእሱስ ውሃ አይደል?»

«ርእሱማ ነው ጋሼ። ግን ውሃው ለሁሉም ይበቃል ይላል። የተጣሉት ተራ የዘለለ ሰው ስላለ ነው።»

«የት ላይ ነው ይበቃል የሚል?»

«ሦስተኛው አንቀጽ።»

አቶ ቢሆነኝ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ አነበቡ። ክፍሉ ዞሮ ጠበቃቸው።

«ዘልዬው ነው ለካ» አሉ በመጨረሻ።

«እኛም መዝለል ነው የተማርነው፤ እሱን ግን አይደለም» አለ ከመስኮቱ በኩል ሀብተ ሥላሴ። ሳቁ፤ አቶ ቢሆነኝም ፈገግ አሉ።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ ቢሯቸው አስጠሯት።

«ልጅቱ ጎበዝ ናት። ጩኸቱን ስታስቆሚ ግን ማርክ ቀንሼብሻለሁ፤ 'ተሳትፎ' የሚባል መመዘኛ አለ። አንድ ሴሚስተር ልጨምርልሽና እናያለን። ብቻ በሳምንት አንዱን ቀን ጮኸው ያንብቡ። አላፊ አግዳሚው ሥራ ፈት እንዳይለን።»

ልትከራከር አሰበች። «እሺ» አለች።

ደጅ ላይ ይታገስና አምሳለች ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ምን አሉ ቲቸር?»

«አንድ ሴሚስተር ጨመሩልኝ።»

«ተመስገን። አላልኩሽም?» አለ ይታገስ ወደ አምሳለች ዞሮ። «ለቲቸር ባንጮህላቸው ኖሮ ይኼኔ ወደ ሞጣ እየሸኘናቸው ነበር።»

አምሳለች ልትመልስለት ስትል ሥርጉት ቀደመቻት።

«ሰኞ ትጮኻላችሁ። አንተን ግን መሀል ላይ አስቆምህና ምን እንዳነበብክ እጠይቅሃለሁ።»

«እየጮኽኩ እንዴት አድርጌ ላስብ ቲቸር?»

«እሱን እኮ ነው ስነግርህ የከረምኩ» አለችው።