ባለቤቱ የሌለበት በር

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ቀረብ ብላችሁ አረፍ በሉ። ወሬዬ አጭር ናት፤ እግራችሁ ሳይደነዝዝ ታልቃለች።

አንድ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ሰፈርተኛው ጓጉንቸር ይለዋል፤ አንዴ እንቢ ካለ አይከፈትማ! ከአባቱ የወረሰው ደንብ ነበረው፦ ባለቤቱ አጠገቡ ካልቆመ የማንንም በር አይነካም። ሚስቱ በዚህ ደንብ ስንቴ ተቃጥላለች! አንዴማ እናቷ ቁልፍ ጠፍቶባቸው እሷን ቢልኳት፣ "አማቴ ራሳቸው ይምጡ" ብሎ አሮጊቷን በከዘራ አስመጥቷቸዋል።

ያን ሰሞን ሌባ በዝቶ ነበርና የጸጥታ ዘመቻ ታወጀ። ሰው ሁሉ "እሰይ!" አለ፤ ሚስትየዋም ብላለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ታዲያ ፖሊሶች መጥተው፣ የተሰረቀ ዕቃ ተደብቆበታል ብለው የቁልፍ ሠሪውን ጎረቤት የልብስ ሰፊውን የብረት በር ክፈት አሉት። ልብስ ሰፊው ዘመድ ሊጠይቅ ሄዷል።

"የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛችኋል?" አለ ቁልፍ ሠሪው።

"ዘመቻ ላይ ነን እኮ ጌታው! ትእዛዝ ስንጠብቅ ሌባው ይጠብቀናል?" አለ ሃምሳ አለቃው።

"እንግዲያው ባለቤቱ ይምጣ።"

የመሣሪያ ሣጥኑን ከረቸመ። እነሱም "የጸጥታ ሥራ አደናቀፍክ" ብለው ይዘውት ሄዱ።

ሚስቱ ምድር ጠበበቻት። በዘመቻው የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት ሳያይ ይከርማል የሚል ወሬ ሰምታለች። ምሳውን ቋጥራ ጣቢያ ሄደችና በፍርግርጉ በኩል ወረደችበት።

"አንተ ሰውዬ፣ ብትከፍትላቸው ምን ነበረበት? ደንብህ ልጆችህን ያበላል?"

"እስከ ዛሬ ማን አበላቸውና?" አለ ቀስ ብሎ። "ሰው ካላመነኝ ማን ቁልፍ ያሠራኛል?"

ምሳውን በፍርግርጉ አሾልካ ሰጠችው። እንባዋ ግን አላቆመም።

በማግስቱ ግን ሕጉ እንደሚለው ዳኛ ፊት አቀረቡት። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሃምሳ አለቃውን አዩት።

"የብርበራ ትእዛዝ ነበራችሁ?"

"ክብርት ዳኛ፣ የዘመቻው መመሪያ..."

"መመሪያው ከሕገ መንግሥቱ በታች ነው።"

"እንዲያው ቤቱ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ ቢኖርስ?"

"ቢኖርም ባይኖርም! ያለ ትእዛዝ የሰው ቤት አልከፍትም ያለ ሰው ጥፋቱ ምንድን ነው? ሌባውን በርትታችሁ አሳዱ፤ የሰው በር ከማስከፈታችሁ በፊት ግን የእኔን በር አንኳኩ። ተጠርጣሪው ይፈታ።"

ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ሚስቱ ብድግ ብላ ወደ ባሏ ሮጠች። በመንገድ ላይ እጁን እንደ ልጃገረድ ጨብጣ፣ እየሳቀች እያለቀሰች ይዛው ቤት ገባች። ማታ በሯን ስትቆልፍ "ቀጭ" ያለው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ስትቆልፈው የኖረችውን በር፣ ዛሬ ገና እፎይ ብላ ቆለፈችው።

ሰነባብቶ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ያ ሃምሳ አለቃ! የቤቱ ቁልፍ ጠፍቶበት፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ።

"ትእዛዝ ይዘሃል?" አለችው ሚስትየዋ ከባሏ ቀድማ።

"ኧረ እትዬ፣ ባለቤቱ ራሴ ነኝ! ይኸው ቆሜያለሁ!"

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። ጓጉንቸርም ሣጥኑን አንስቶ ተከተለው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በራችሁን ቆልፋችሁ በሰላም ስትተኙ፣ እንቢ ያለውን ያን ሰው አደራ አስታውሱልኝ።