ወፍ የቆመበት ውሃ

ዳልጮን ባሕር በላው ይላሉ። የበላው የኔ አፍ ነው።

ሁለታችንም የከባድ መኪና ሹፌሮች ነበርን፤ ከጅቡቲ ወደብ ማዳበሪያ ጭነን ወላይታ እናራግፋለን። እሱ የሻንቶ ከተማ ልጅ ነው፤ ከምንጭና ከጉድጓድ ሌላ ውሃ ውስጥ እግሩን አስገብቶ አያውቅም። እኔ ግን አባያ ሐይቅ ዳር ነው ያደግሁት፤ የውሃ ወሬ ሲነሳ ደረቴን እነፋለሁ። ያን ቀን ወደቡ ላይ ተራ ስንጠብቅ አራተኛ ቀናችን ነበር። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ተዘርግቷል፤ ከመርከቦቹ ወዲህ እግረ ረጃጅም ወፎች ቆመው ይለቅማሉ። ዳልጮ ለሚስቱ ለአሳየሽ ፎቶ ሊልክላት ፈለገና «እዛ መግባት ይቻላል?» አለኝ።

«ሂድ እንጂ! ወፍ የቆመበት ውሃ ሰው አያሰጥምም» አልኩት።

አባያ ላይ ልጅ ሆነን ስንሻገር የምንለው ነው፤ ዋሽቶንም አያውቅም። አፌን በቆረጠው! ሐይቅ ባለበት ይኖራል፤ ባሕር ሄዶ እንደሚመለስ ማን ነገረኝ? እኔ ጋቢና ውስጥ ገብቼ ተኛሁ። ስነቃ ወፎቹም ዳልጮም የሉም፤ ጭቃው የነበረበት ሁሉ ውሃ ሆኗል። አስከሬኑን በማግስቱ አገኙት። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ «እግሩን ሲታጠብ አዳልጦት ነው» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ከወፎቹ አንዱ አይለቀኝም። ቦዲቲ መጋዘን በር ላይ ጭነት ሳራግፍ ከመኪናዬ ኋላ አየዋለሁ፤ ጠብታ ውሃ በሌለበት አስፋልት ላይ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ። ጫኝና አውራጆቹን «አያችሁት?» ብላቸው «ጫት ቀንስ» ብለው ሳቁብኝ። ጫት ቅሜ አላውቅም። ጠዋት ጋቢናውን ስከፍት የጨው ሽታ ይቀበለኛል፤ መወጣጫው ላይ ባለሦስት ጣት የጭቃ ዱካ አለ። አጥበዋለሁ፤ በማግስቱም አለ። እፈራለሁ፤ ምን ይደበቃል።

አሳየሽ ደግሞ ባገኘችኝ ቁጥር አንድ ነገር ነው የምትጠይቀኝ። «ደግፌ ኢሻ፣ ምን ሊያደርግ ወረደ?» ኢሻ በወላይትኛ ወንድሜ ማለት ነው። አውቃ የምትመረምረኝ ይመስለኛል።

የአርባው ዕለት፣ ሰው በልቶ ድንኳኑ ሲሳሳ፣ ጓሮ እንሰቱ ሥር ጠርታ ያንኑ ጠየቀችኝ። አልቻልኩም። ያልኩትን፣ የተኛሁትን፣ የዋሸሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። መኪናዬ ኋላ ስለሚቆመው ብቻ አልነገርኳትም። ትጮሃለች፣ በድንጋይ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብታደርገው ደስ ባለኝ።

ስልኳን አወጣች። ፎቶ ነው፤ ሰፊ ጭቃ፣ ጫፉ ላይ ጤፍ የሚያካክሉ ወፎች።

«ይሄን ላከልኝ» አለች። «ሩቅ ነው፣ ምንም አይታይም፣ ቀረብ ብለህ አንሳልኝ አልኩት።»

ከፎቶው ቀና አልኩ። እሷ ከእንሰቱ ወዲያ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጣለች።

«ኢሻ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተም ጋ ይመጣል?»