የሄቲ አሟሟት

ኤኒድ ሆልሮይድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ታይታለች፤ ድምፅዋን የሰማ ተመልካች ግን አንድም የለም። «ታነርስ ሮው» በሚባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ የመጠጥ ቤቱ ጥግ የእሷ ነው። ሥራዋ ቀለም የገባበት ውሃ ጨብጣ እንደ እሷው አጃቢ ከሆነው ከክሊፎርድ ጋር ማውራት ነው፤ ማውራት ከተባለ። አጃቢ ተዋናይ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ሲስቅ በዝምታ ይስቃል፤ ሲያጨበጭብ መዳፎቹ ሊነካኩ ሲሉ ይቆማሉ። ኤኒድና ክሊፎርድ በዚህ ዓይነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያወጉ አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም።

በስልሳ ሦስት ዓመቷ ዕድል ፊቷን አዞረችላት። ሄቲ የምትባል የልብስ እጥበት ቤት ሠራተኛ ሆና እንድትናገር ተመረጠች። «ከጥጉ ተነስታ ሌላ ሰው ስትሆን ተመልካቹ አይነቃም?» ብሎ የጠየቀ ነበር። ፕሮዲውሰሯ ፊሊፓ «አጃቢን ደግሞ ማን ልብ ይለዋል?» ብላ ዘጋችው።

የሄቲ ዕድሜ አራት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ ትሞታለች። ኤኒድ ይህን ስትሰማ ቅር አላላትም። በታነርስ ሮው መሞት ማዕረግ ነው። ትልልቆቹ ተዋንያን በእሳት፣ በጎርፍ፣ በባቡር ሲሞቱ እሷ ከጥጓ ሆና አይታለች፤ የመጨረሻ ትዕይንታቸው ሲያበቃም ስማቸው እየተጠራ ሲጨበጨብላቸው አይታለች። እና ከመስታወት ፊት ቆማ ስትሞት ሰነበተች። ሻይ እየፈላ ትሞታለች፤ ድመቷን እያበላች ትሞታለች።

ስክሪፕቱ ሲደርሳት ግን መሞቻዋን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ያገኘችው ይህን ነው፦ አንዱ ጠጪ «ሄቲ ትናንት አረፈች አሉ» ይላል። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሆና የምትጫወተው ጄራልዲን፣ የድራማው ንግሥት፣ «ውይ ምስኪን! ምን ልቅዳልህ?» ትላለች። አለቀ። ቀብሩም ቢሆን ለሄቲ አልነበረም፤ ጄራልዲን ባሏ ከማን ጋር እንደሚማግጥ ደርሳበት የምታለቅስበት ነው።

ኤኒድ ስክሪፕቱን ይዛ ተነሣች። በቀጥታ ፊሊፓ ቢሮ ገባች።

«መሞቱን እሞታለሁ። ስሞት ግን ልታይ።»

«ኤኒድዬ፣ አልጋ ላይ ለምትሞችበት ሁለት ደቂቃ ከየት ላምጣልሽ?» አለች ፊሊፓ፣ ከስልኳ ላይ ቀና ሳትል።

ታነርስ ሮው የሚቀረጸው በታሪኩ ቅደም ተከተል አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ የተፈቀደው ለማክሰኞ ብቻ ስለነበር፣ ሄቲ ገና ሳትታመም ተቀበረች። ኤኒድ የዚያን ቀን የመጣችው የሆስፒታል ቀሚሷን ለመለካት ነበር፤ በታሪኩ ውስጥ ከቀብሩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በአምቡላንስ ስትወሰድ የምትለብሰውን። ምግብ ከሚታደልበት መኪና አጠገብ ቆማ የቤከን ሳንድዊቿን ስትገምጥ፣ ረዳት ዳይሬክተሩ ጋቪን ለቀስተኞቹን ቆጠረና አንድ ሰው ጎደለው። ዞር ሲል አያት።

«ኤኒድ! ባርኔጣ አድርጊና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ በይልኝ፤ ቶሎ!»

ለስንት ዓመት እንዲህ ሲጠራት ኖሯል። እሷም ለስንት ዓመት እንዲህ ስትጠራ ኖራለች። ሳንድዊቿን አስቀምጣ ሄደች። ሁለቱም ትንሽም አላሰቡም።

ቄሱ «እህታችን ሄቲን» ሲል ነው የነቃችው። ወደ ክሊፎርድ ዞረች፤ የክሊፎርድ ዓይኖች ሊፈርጡ ደርሰዋል። ነገር ግን ካሜራው እየቀረጸ ነው፤ ካሜራ እየቀረጸ ደግሞ አጃቢ አይናገርም። የራሷን ሣጥን አየች፤ አራት ሳምንት እንኳ ያልሞላት ሄቲ አሳዘነቻትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጄራልዲን በአንድ ቀረጻ አልቅሳ ጨረሰች። ኤኒድ ጋቪንን ፈልጋ «ኧረ ጉድ ሠራን!» ስትለው፣ የጄራልዲን መኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ነጉዷል። የሦስት ሳምንት ፈቃድ፣ ቴነሪፍ ደሴት።

በማግስቱ ኤኒድና ጋቪን ወደ ኤዲቲንግ ክፍል ተጠሩ። ስክሪኑ ላይ ጄራልዲን ታለቅሳለች። ከትከሻዋ ኋላ ሟቿ ራሷ፣ በጥቁር ባርኔጣ።

«ሟቿን ብቻ ቆርጠህ አውጣት» አለች ፊሊፓ።

«እሷን ካወጣሁ ጄራልዲንም አብራ ትወጣለች» አለ ኤዲተሩ። «ደግሞ እኮ ከሁሉም አብልጣ የምታለቅሰው እሷ ናት።»

«ድገሙት እንዳልል ቤተ ክርስቲያኑ ከዛሬ ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቷል!» ፊሊፓ ወደ ኤኒድ ዞረች። «አንቺስ የራስሽ ቀብር ላይ መሄድሽ ትንሽ አልከነከነሽም? ሄቲ አልቆላታል። የመጠጥ ቤቱንም ወንበር እርሺው!»

የጋቪን ጆሮ ቀላ። ለኤኒድ ያ ጥግ ሁለተኛ ቤቷ ነው። ግን ሄቲን ሆና የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ አፍ ሲከፈት ድምፅ መውጣቱን ነው።

«እህት አለቻት» አለች።

«ማን?»

«ሄቲ። ኔል የምትባል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው እሷ ናት።»

«መንትያ እንዳትይኝ! መንትያ ሁለት ጊዜ ሠርተንበታል፤ ሰው ይስቅብናል።»

«ምን መንትያ አመጣው? ታናሿ ናት። አፍንጫቸው የአባታቸው ነው።»

«ተመልካቹ በምን ያውቃታል?»

«አያውቃታማ!» አለች ኤኒድ። «ለዚህ ነው ሄቲ ሳትሞት ስለ እህቷ መናገር ያለባት። አልጋዋ ላይ፣ ካሜራ ፊት። አለበለዚያ አገር ሁሉ ሬሳ ተነሣ ብሎ ስልካችሁን ሲያጨናንቅ ይውላል።»

ኤዲተሩ ሳቁ አመለጠው። ፊሊፓ ስክሪኑን አየች፣ ኤኒድን አየች፣ እንደገና ስክሪኑን አየች።

«አንድ ደቂቃ» አለች።

«ሁለት።»

«አንድ ተኩል!»

«ሁለት» አለች ኤኒድ፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ዓርብ ዕለት ሄቲ ሞተች። ነጭ አንሶላ፣ አንዲት ነርስ፣ ሁለት ካሜራ።

«ኔልን ፈልጊልኝ» አለች ነርሷን። «በእናታችን የግድግዳ ሰዓት ተጣልተን ሃያ ሁለት ዓመት ተኳርፈናል። ቀብሬ ላይ ትመጣለች፤ መሞቴን በዓይኗ ካላየች አታምንም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፈልጊያት፤ ፊት እንዳትቀመጥ ኩራቷ አይለቃትም፣ ኋላ እንዳትቀመጥ ልቧ እሺ አይላትም። ካለቀሰች ሰዓቱን ስጫት።» ትንፋሿን ሳበች። «ካላለቀሰችም ስጫት። መቼም ሁልጊዜ እንዳረፈደች ነው።»

ነርሷን የምትጫወተው ልጅ በስክሪፕቱ ሳይጻፍላት አለቀሰች።

«በቃ፣ ቀረጻው አልቋል!» አለ ጋቪን፤ ቀጥሎም እንደ ደንቡ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ የሄቲ፣ የኤኒድ ሆልሮይድ፣ የመጨረሻ ትዕይንት ነበር!»

ከካሜራዎቹ ኋላ የመጠጥ ቤቱ አጃቢዎች በሙሉ ቆመዋል፤ የዚያን ቀን ሥራ ያልነበራቸውም ከቤታቸው መጥተዋል። ሁሉም እጃቸውን አነሡ። አጨበጨቡም፤ ግን ልማድ ክፉ ነው፣ መዳፎቻቸው ሊነካኩ ሲሉ ቆሙ። ክሊፎርድ እጆቹን አየ። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ አንድ ጊዜ አጋጫቸው፤ ደገመ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ፉጨቱ፣ ጩኸቱ፣ እግር መምታቱ ስቱዲዮውን አናጋው። ፊሊፓ ሳትቀር ከበሩ ሥር ቆማ ታጨበጭባለች።

ኤኒድ ዓይኗን እንደጨፈነች ሰማች። ፈገግታዋን ግን መደበቅ አቃታት።

«ኤኒድ፣ ተነሽ እንጂ!» አለ ጋቪን። «አልጋው ለቀጣዩ ትዕይንት ይፈለጋል።»

«ሞቻለሁ እኮ» አለች ኤኒድ። «ትንሽ ይጠብቁ።»