ከበሩ ኋላ ያለው ሣጥን

ክዳኑ ቡናማ ነበር። ያየሁት ግን ልጄ ብራይዲ ከባሕሩ ዳር ሮጣ ከተመለሰች በኋላ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ነው። ቡናማው የአስም ፓፍ በየጠዋቱ የምትወስደው ነው። ትንፋሽ ሲያጥራት የሚደርስላት ሰማያዊው ሲሆን፣ እሱን ሆኪቲካ ከተማ ባለው ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ትቼዋለሁ። በመኪና ሁለት ሰዓት ይርቃል። የዝናብ ልብስ በእጥፍ፣ ሦስት ባትሪ፣ ሌላው ቀርቶ ባሕሩ ቢነሳ የምንሸሽበትን መንገድ ካርታ ይዤ ነበር።

ወደዚህች የድሮ ወርቅ አውጪዎች ከተማ ወደ ፌኒ የመጣነው በብራይዲ ውትወታ ነው። የአባቷ ቅድመ አያት ወርቅ ያጠቡበትን አሸዋ ማየት ፈለገች። የድሮ ጉድጓድ ይውጣታል፣ ማዕበል ይወስዳታል እያልኩ ሦስት ዓመት አዘገየሁት። በወርቁ ዘመን ሠላሳ መጠጥ ቤት ነበረው የሚባለው ከተማ አሁን ሃያ ቤትና አንድ አዳራሽ ነው። ጉድጓዶቹም ሣር ሞልቷቸው በግ ይግጥባቸዋል።

ጎጆውን ያከራየችን አክስት ዊኪ ናት፤ ሁሉም አክስት ይላታል። እንደገባን ከወጥ ቤቱ በር ኋላ፣ መደርደሪያ ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ሣጥን አገኘሁ። ከላይ ክኒን፣ መቀስና ሻማ አየሁበት። ሕፃን ባለበት ቤት እንዲህ ይደረጋል ወይ ብዬ ተናደድኩና፣ ሥሩን እንኳ ሳልፈትሽ ወስጄ የማገዶ ቤቱ ጣሪያ ሥር ሸጎጥኩት።

አሁን ልጄ ትንፋሽ አጥሯት፣ ስልኬ ኔትወርክ አይዝም። ብራይዲን አዝዬ ሁለት ጎረቤት በር አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ወቅቱ ክር የሚያካክሉ ዓሦች ከባሕር ወደ ወንዝ የሚገቡበት ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ መረቡን ይዞ ወንዙ አፍ ላይ ነው። ተመልሼ ልጄን መኪና ውስጥ አስቀመጥኳትና፣ ልማድ ሆኖብኝ የጎጆውን በር ልቆልፍ ቁልፉን አስገባሁ።

አክስት ዊኪ መረቧን ትከሻዋ ላይ፣ ባልዲዋን በእጇ ይዛ ከመንገዱ ብቅ አለች።

«ማንን ፈርተሽ ነው? የሚሰረቅ ነገር የነበረው ወርቁ እያለ ነው» አለችኝ።

ከዚያ የብራይዲን ትንፋሽ ሰማች። ፊቷ ተለወጠ።

«ሣጥኑ የት አለ?»

«ማገዶ ቤት። ልጅቷ እንዳትነካው ብዬ...»

ባልዲውን ከነዓሦቹ ጥላ በዚያ በከባድ ቦቲዋ ሮጠች። ከክኒኖቹ ሥር ሰማያዊ ፓፍ፣ መድኃኒቱ ከሚሳብበት ቱቦ ጋር ነበር። ተቀብያት፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ የሚያበቃበትን ቀን መፈለግ ጀመርኩ።

«በየፋሲካው እቀይረዋለሁ» አለች። «አንብቢና ስጫት፤ ሳታነቢ እንደማትሰጫት አውቄያለሁ።»

ቀኑ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ቱቦውን አፏ ላይ ይዤ፣ በሳበች ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። ስድስተኛው ላይ ትከሻዋ ወረደ። ትንሽ ቆይታ፣ «እማዬ፣ ዓሦቹ ጠጠሩ ላይ እየዘለሉ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ከአክስት ዊኪ ቤት በመስመር ስልክ ለአካባቢው ነርስ ደወልን። ብራይዲን ራሷን አናገረቻትና፣ ምን እንደማደርግና ምን ካየሁ ወዲያው እንድደውል ነገረችኝ። የተረፉትን ዓሦች በእንቁላል ጠብሰን በላን። አክስት ዊኪ የሣጥኑን ነገር ያጫወተችኝ ያኔ ነው። ወርቁ ሲያልቅ ሐኪሙም መድኃኒት ሻጩም በአንድ መርከብ ሄዱ። የቀሩት ሰዎች በየቤታቸው ከበር ኋላ አንድ ሣጥን አኖሩ፤ የቸገረው ሰው ከየትኛውም ቤት ገብቶ እንዲያነሳም በር መቆለፍ ተዉ።

«አንኳኩተሽ ተመለስሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። «ገፋ ብታደርጊው ይከፈት ነበር እኮ።»

የሁለቱም በር ኋላ ሣጥን ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ክፉውን ቀድሜ ሳይ፣ የማላውቀው ሰው ለልጄ ቀድሞ አስቦላት እንደሚሆን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም። ምስጋናዬን ስጀምር አቋርጣ ድስቱን እንዳጥብ አዘዘችኝ።

ወደ ጎጇችን የሸኘችን እሷው ናት። ሣጥኑን በገዛ እጄ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ውለታዋን አስቤ፣ ዛሬ በሩን እንደ አገሩ ሰው ክፍት እተወዋለሁ አልኳት። አየችኝ።

«ክፍት ከተውሽው እስኪነጋ ልትጠብቂው ነው። ቆልፊው፤ የሚያስፈልግ ነገር ቢኖር የዚህ በር ሌላ ቁልፍ እኔ ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ተኝተሽ ልጅሽን አዳምጪ እንጂ በሩን አትጠብቂ።»

የቦቲዋ ድምፅ እስኪርቅ ቆምኩ። ብራይዲ ከአልጋዋ ሆና ረጋ ብላ ትተነፍሳለች። ቁልፉን አንዴ ብቻ አዞርኩት፤ እንደ ልማዴ እጀታውን ደግሜ ሳልሞክር ወደ እሷ ሄድኩ።