«ጠብቁ» የሚለው ገጽ

ዘመናይ ነገር ማስረዘም አትወድም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሰቆጣ በተመለሰች በዓመቱ፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ዐረብ አገር የሄዱ ልጆች ድምፃቸውን ቀድተው ለወላጆቻቸው የሚልኩበት ድረ ገጽ ሠራች። ሌላው ሰው በስምንት መስመር የሚጽፈውን እሷ በአንዲት መስመር ጨረሰችው። መልእክት አለ? ካለ ወደ መልእክቱ ገጽ፤ ከሌለ ወደ መመዝገቢያው። አንድ «?»፣ አንድ «:»፣ በቃ። በኋላ፣ ተመዝግቦ መልእክት ላልመጣለት ሰው «ጠብቁ» የሚል ሦስተኛ ገጽ ስትጨምርም እዚያችው መስመር ላይ ቀጠለችው።

ከዚያ ወዲህ አቶ አጥናፉ ከጋዝጊብላ ወረዳ ለገበያ በመጡ ቁጥር ዘመናይ የምትሠራበትን የኮምፒዩተር ማዕከል ሳያዩ አይመለሱም። ልጃቸው ጥሩሐረግ ቤሩት ናት። ዛሬ ሦስተኛ ገበያቸው ነው። ዘመናይ ስማቸውን አስገባች፤ «ጠብቁ» አለ።

«የለም፣ አባባ።»

«አለ እንጂ። በጎረቤት ስልክ ደውላ ልኬያለሁ ብላኛለች።»

«ኔትወርክ ይሆናል።»

«ይኼ ኔትወርክ የማን ልጅ ነው? ባለፈውም እሱኑ ነው የከሰስሽው።» ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ይኼ ዕቃሽ፣ የለም ከማለቱ በፊት ጓዳውን አይቷል?»

ዘመናይ አፋቸውን ለማስያዝ ብላ መልእክቶቹ የሚቀመጡበትን ማህደር ከፈተች። የጥሩሐረግ መልእክት ከደረሰ ሃያ ቀኑ ነው። ከሥሩ የሌሎች አሥራ አንድ ልጆችም ተደርድሯል።

መስመሯን አውጥታ አየችው። ሁለቱን ጥያቄዎች በቅንፍ አልለየቻቸውም። ኮምፒዩተሩ ከግራ ጀምሮ ሲያነብ የመጀመሪያውን ጥያቄ መልስ «ተመዝግቧል?» ለሚለው ለሁለተኛው ጥያቄ እንደ «አዎ» ቆጥሮታል፤ ስለዚህ መልእክት የመጣለትም ሰው «ጠብቁ» ይባላል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባባ። ላሳጥር ብዬ ነው።»

«ከተገኘማ ምን ቸገረ። ክፈቺው።»

አጥፍታ በስምንት መስመር ጻፈችው። ስማቸውን እንደገና አስገባች።

ጥሩሐረግ በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ጀመረች። ሰላምታ ነው። አባቷን፣ እናቷን፣ የክርስትና እናቷን፣ ጎረቤቷን ባንቺን፣ ያመመውን ቀይ በሬ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ እንዴት ናችሁ አለች። አጥናፉ ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ ብለው ለየአንዳንዱ መለሱ። እናትሽ ደህና ናት። ባንቺ ደህና ናት፣ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ድምፁ ግን አይጠብቅም፤ የበሬው ነገር ሳያልቅ ወደ አጎቷ አለፈ።

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ» አሉ።

ዘመናይ ቅጂ መሆኑን ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። ድምፁን ወደ በሬው መለሰችና አቆመችው።

«እሺ፣ ይንገሯት» አለች።

አጥናፉ ቀዩ በሬ እንዴት እንደዳነ ከመጀመሪያው ጀመሩ።